ሁለት ቤት፣ አንድ መሬት፦ በሕንፃዎች መካከል የሚዘረጉ ገመዶችን ከመብረቅ ስለ መጠበቅ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በደጋ ምድር ወደሚገኝ አንድ የገጠር ደብር ተጠርተን ሄድን። የተጠራነው መብረቅ ያደረሰውን ጉዳት እንድናይ ነበር። መብረቁ የመታው በግቢው ዳር የቆመውን አንድ ሸምገል ያለ ጥድ ነው፤ ግንዱ ከጫፉ እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል። ይህ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የሚያስደንቀው ከዛፉ ርቆ የደረሰው ነው። በጥዱ ላይ ታስሮ የነበረው የድምፅ ማጉያ ሽቦ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ሽቦው በሚያልቅበት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ነድዷል። ከጽሕፈት ቤቱ 70 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ ደብሩ በሚያስተዳድረው ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ የክትባት ማስቀመጫው ማቀዝቀዣና ኮምፒውተሩ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። በሁለቱ መካከል ባለው ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር የገመድ መጋጠሚያው እሳት አስነሥቶ ነበር፤ የጥበቃ ሠራተኞቹ ጭሱን ፈጥነው በማየታቸው የብራና መጻሕፍቱ ተረፉ። ማይክራፎኑን ሊያነሣ እጁን ዘርግቶ የነበረ አንድ ዲያቆን ክንዱ ለሁለት ቀን ደንዝዞ ሰነበተ እንጂ ሕይወቱ አልጠፋም።

የደብሩ አስተዳዳሪ ያነሡልን ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። «እኛ እኮ ግራውንድ አስቆፍረናል፤ ለጽሕፈት ቤቱም ለክሊኒኩም ለየብቻው ነው ያስቆፈርነው። ገንዘብ አውጥተን፣ ባለሙያ አስመጥተን ነው ያሠራነው። ታዲያ ምን ጎደለ?» አሉን።

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱም በአጭሩ ይህ ነው፦ የጎደለው ሦስተኛ ጉድጓድ ሳይሆን ሁለቱን ጉድጓዶች የሚያስተሳስረው ሽቦ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ፣ በየግቢዎቻችንም ምን ማድረግ እንደሚገባን በዚህ ትምህርት ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ግቢዎቻችን በገመድ ሲተሳሰሩ

ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚባል ነገር አይገኝም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። መብራት በመጀመሪያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይገባል፤ ከዚያም በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወይም ወደ ውኃ ፓምፑ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ይጨመራል፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት ገመድ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የጥበቃ ካሜራ ይከተላል። እያንዳንዱ ገመድ የተዘረጋው በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ሰው እጅ ነው። ስለ ግቢው በአጠቃላይ ያሰበ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ገመዱን የሚዘረጋው ሰው የሚያስበው መብራቱ መብራቱን፣ ድምፁም መሰማቱን ነው። ነገር ግን ሁለት ቤቶችን በብረት ገመድ ባገናኘን ቁጥር አንድ ሌላ ነገርም አድርገናል፤ አንዱ ቤት የሚደርስበት አደጋ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ድልድይ ሠርተናል። ስለዚህ በገመድ የተያያዙ ቤቶች በመብረቅ ፊት እንደ አንድ ቤት ይቆጠራሉ። አጠባበቃቸውም የአንድ ቤት አጠባበቅ ሊሆን ይገባል።

መብረቅ መንገድ ይፈልጋል

በአንድ መካከለኛ መብረቅ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት እስከ 30,000 አምፔር ይደርሳል። በቤታችን ያለው ብሬከር የሚሸከመው 16 ወይም 20 አምፔር መሆኑን ስናስብ የኃይሉን ልክ እንረዳለን። መብረቁ የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ኃይል ማቆም አይቻልም። የሚቻለው ሰውና ንብረት በሌለበት መንገድ ወደ መሬት እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ይህን እውነት የሰው ልጅ የተማረው በመሥዋዕትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ጌዖርግ ቪልሄልም ሪክማን የተባለ የሳይንስ አካዳሚ አባል የመብረቅን ኃይል ለመለካት በቤቱ ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ አቆመ፤ ከዘንጉም ሽቦ ወደ ክፍሉ አስገባ። ሽቦው ወደ መሬት አይወርድም ነበር፤ ለመለኪያው ሲባል ሆን ተብሎ ከመሬት ተለይቷል። ነጎድጓድ በተነሣበት ቀን ሪክማን ሊለካ ወደ መሣሪያው ተጠጋ። መብረቁ በዘንጉና በሽቦው ገብቶ ከመሣሪያው ወደ ሪክማን ራስ ዘለለ፤ እርሱም ወዲያው ሞተ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ቤትን ለመጠበቅ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ዘንጉን ከጣሪያ በቤቱ ውጭ አውርዶ እርጥብ መሬት ውስጥ መትከልን የሚጠይቅ ነበር።

የሪክማን ዘንግና የፍራንክሊን ዘንግ በቁሳቸው ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው የሽቦው መጨረሻ ነው፤ አንደኛው በክፍል ውስጥ ያበቃል፣ ሁለተኛው በምድር ውስጥ። ከጥድ ወይም ከምሰሶ ተነሥቶ በመስኮት ገብቶ በአምፕሊፋየር ላይ የሚያበቃ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ከሁለቱ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የሚገድለው ልዩነቱ ነው

ወፍ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አርፋ ምንም ሳትሆን ትበራለች። ሽቦው ብዙ ሺህ ቮልት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም እግሮቿ ግን በአንድ ቮልቴጅ ላይ ናቸውና በአካሏ የሚያልፍ ነገር የለም። አንዱን እግሯን በሽቦው፣ ሌላውን ከመሬት ጋር በተገናኘ ብረት ላይ ብታሳርፍ ግን ወዲያው ትሞታለች። ጉዳት የሚያደርሰው የቮልቴጅ ከፍታ ብቻውን ሳይሆን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህን የያዘ ሰው የዚህን ትምህርት እኩሌታ ይዟል።

አሁን ወደዚያ ግቢ እንመለስ። ከመብረቁ ኃይል ዓሥር በመቶው፣ ማለትም 3,000 አምፔር ብቻ፣ በድምፅ ማጉያው ሽቦ በኩል ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ በዚያ ባለው የግራውንድ ዘንግ ወደ መሬት ወረደ እንበል። ዘንጉ የተተከለበት መሬት ለፍሰቱ የሚያቀርበው ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ 3,000 በ20 ሲባዛ 60,000 ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የጽሕፈት ቤቱ ግራውንድ፣ ከእርሱም ጋር የተያያዘው ብረት ሁሉ፣ ወደ 60,000 ቮልት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከ70 ሜትር ርቀት ላይ ያለው የክሊኒኩ ግራውንድ ግን ገና በዜሮ አካባቢ ነው። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኘው ብቸኛ ነገር በአየር ላይ የተዘረጋው የመብራትና የኢንተርኔት ገመድ ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ልዩነት በገመዱ ተጉዞ በማቀዝቀዣውና በኮምፒውተሩ ውስጥ አልፎ ወደ ክሊኒኩ ግራውንድ ወረደ። በመንገዱም በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር የላላውን መጋጠሚያ አነደደው።

እንግዲህ ግራውንዱ ሥራውን አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሠርቷል። ሁለቱ ግራውንዶች ተለያይተው መቀመጣቸው ግን ልዩነቱን ፈጠረ፤ ልዩነቱም በዕቃው በኩል ታረቀ። ሁለቱ ጉድጓዶች በወፍራም መዳብ ተሳስረው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቤቶች አብረው ከፍ ብለው አብረው ይወርዱ ነበር፤ በማቀዝቀዣው የሚያልፈውም እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር።

መብረቅ ሳይመታም ይጎዳል

አንዳንድ ሰዎች «በግቢያችን መብረቅ ወድቆ አያውቅም» ይላሉ። ይሁን እንጂ ገመድን ለመጉዳት መብረቅ በገመዱ ላይ መውደቅ አያስፈልገውም። ከጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት የወደቀ መብረቅ በዙሪያው በሚፈጥረው መግነጢሳዊ ኃይል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ያስነሣል። ገመዱ በረዘመና ከፍ ባለ መጠን የሚቀበለው ይበዛል። ኮምፒውተርና ራውተር በውስጣቸው የሚሠሩት በ5 ወይም በ12 ቮልት መሆኑን ስናስብ በየክረምቱ «ያለ ምክንያት» የሚበላሹ ዕቃዎች ምክንያታቸው ምን እንደሆነ ይገለጥልናል።

በየግቢው የምናገኛቸው አራት ስሕተቶች

የመጀመሪያው ከላይ ያየነው ነው፤ ለኮምፒውተር «ንጹሕ ግራውንድ» በሚል ለብቻው ጉድጓድ ቆፍሮ ከመብራቱ ግራውንድ ጋር ሳያገናኙ መተው። ሐሳቡ ለዕቃው ከማዘን የመጣ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዘንግ እንደተተከለ ሳይሆን ዘንጎቹ መተሳሰራቸው ይቆጠራል።

ሁለተኛው የግራውንድ ዘንግን በግራውንድ ሽቦ ምትክ መቁጠር ነው። ከዋናው ሕንፃ ወደ ሁለተኛው ቤት መብራት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ይዘረጋል፤ ፌዝና ኒውትራል። ሦስተኛው፣ ማለትም የግራውንዱ ሽቦ፣ ለወጪ ቅነሳ ይቀራል፤ «እዚያው ዘንግ እንተክላለን» ይባላል። ይህ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። የማቀዝቀዣው ፌዝ ሽቦ ተልጦ ሰውነቱን ቢነካ፣ ዘንጉም 22 ኦም ቢኖረው፣ 220 ቮልት ለ22 ሲካፈል የሚያልፈው 10 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር የሚሸከም ብሬከር በ10 አምፔር አይወድቅም። ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ይቀጥላል፤ በሩን የሚከፍተውን ሰው ግን ይመታል። ስለዚህ ዘንጉ ለመብረቅ፣ ሽቦው ለብሬከሩ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በ30 ሚሊ አምፔር የፍሰት ልዩነት መስመሩን የሚያቋርጥ ብሬከር ቢጨመር ደግሞ ጥበቃው ይጠናል።

ሦስተኛው ከገበያ የተገዛ ማከፋፈያ ገመድ ላይ «መከላከያ አለው» የሚል ጽሑፍ አይቶ መተማመን ነው። በውስጡ ያለው መከላከያ ትርፉን ኃይል የሚያወርደው በግራውንዱ እግር በኩል ነው። የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ ከሌለው የሚያወርድበት ቦታ የለም።

አራተኛው ሽቦን ማስረዘምና ማጠማዘዝ ነው። የመብረቅ ፍሰት እጅግ ፈጣን በመሆኑ ቀጭኑም ወፍራሙም ሽቦ በርዝመቱ ልክ ይገታዋል። ፍሰቱ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ በ10,000 አምፔር ፍጥነት ቢጨምር በአንድ ሜትር ሽቦ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ቮልት የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። ትርፍ ሽቦን ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ወይም በማዕዘን ላይ በሹል መቆልመም ለመብረቁ መንገዱን እንደ መዝጋት ነው። ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ መታጠፍ ካለበትም በሰፊው ይታጠፍ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ገመዱ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ እንጠይቅ። ለኢንተርኔትና ለካሜራ በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ኦፕቲክ መዘርጋት ከሁሉ የተሻለ ነው። ፋይበር መረጃን የሚያስተላልፈው በብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሻግርም፤ ስለዚህ ድልድዩን ከነአካቴው ያነሣልናል። የመዳቡ የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ ማገልገል እንደማይችልም መታወስ አለበት። ፋይበሩ የብረት ተሸካሚ ሽቦ ወይም የብረት ልባስ ካለው ግን ያ ብረት እንደማንኛውም ብረት ከግራውንድ ጋር መያያዝ አለበት። የመብራቱን ገመድ ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን በቱቦ ውስጥ መቅበር ይመረጣል። መቅበር አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሁለተኛ፣ ገመድ በሚገባበት በእያንዳንዱ ሕንፃ የግራውንድ ዘንግ እንትከል። የመብራቱ፣ የስልኩ፣ የኢንተርኔቱ፣ የድምፅ ማጉያውና የውኃ ብረት ቧንቧው ግራውንድ ሁሉ በአንድ የመዳብ ዘንግ ላይ ይሰብሰብ። ይህን መሰብሰቢያ ከመሬቱ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መዳብ ከ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ አይሁን።

ሦስተኛ፣ የአንዱን ሕንፃ ግራውንድ ከሌላው ጋር እናስተሳስር። ጥሩው መንገድ ከገመዱ መስመር ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ባዶ የመዳብ ሽቦ መቅበር ነው። የተቀበረው ሽቦ ራሱም ከአፈሩ ጋር በመነካካቱ እንደ ተጨማሪ ግራውንድ ያገለግላል።

አራተኛ፣ ገመዱን በአየር ላይ የሚሸከመው የብረት ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ከየሕንፃው ግራውንድ ጋር ይያያዝ። ገመድን በዛፍ ላይ ማሰር ይቅር። በግቢዎቻችን ያሉት ጥድና ወይራ ብዙ ጊዜ ከሕንፃው የረዘሙ ናቸውና መብረቅ የሚመርጠው እነርሱን ነው፤ በእነርሱ ላይ የታሰረ ሽቦም መብረቁን ወደ ቤት ይጠራል።

አምስተኛ፣ ገመዱ በሚገባበት በሁለቱም ጫፍ ሰርጅ መከላከያ ይተከል። ለመብራት የተዘጋጀ፣ ለኔትወርክ የተዘጋጀ፣ ለድምፅ ማጉያ የተዘጋጀ የተለያየ ዓይነት አለ። በአንዱ ጫፍ ብቻ መትከል ግማሽ በር እንደ መዝጋት ነው። መከላከያው ገመዱ በሚገባበት ግድግዳ አጠገብ ይሁን፤ የሚያያዝባቸው ሽቦዎች ርዝመትም ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ስድስተኛ፣ ኒውትራልና ግራውንድ የሚገናኙበት ቦታ ከመብራት አገልግሎት ሰጪው ደንብ ጋር መስማማት አለበት። በየሕንፃው ማከፋፈያ ሳጥን ሁለቱን ማገናኘት የዘወትሩ ፍሰት በግራውንዱ ሽቦና በብረት አካላት ላይ እንዲመላለስ ያደርጋል። ይህ ለሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ሰባተኛ፣ የሕንጻ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና መስቀል ከብረት የተሠሩ ከሆኑ ከግቢው ከፍተኛው ብረት እነርሱ ናቸውና ለብቻቸው ሊታሰብላቸው ይገባል። ከጉልላቱ ከ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ መዳብ ቢያንስ በሁለት ወገን በሕንፃው ውጭ ወርዶ በየበኩሉ ዘንግ ይተከልለት፤ ዘንጎቹም ከግቢው ግራውንድ ጋር ይተሳሰሩ። የድምፅ ማጉያና የመብራት ሽቦ ከዚህ ወራጅ መዳብ ጎን ለጎን እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መብረቅ ወደ ቀረበው ብረት ይዘልላልና።

አፈሩን ማወቅ

ግራውንድ የሚለካው በተከልነው ብረት ብቻ ሳይሆን በአፈሩም ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 62305 የተባለው የመብረቅ መከላከያ ደረጃ ተቃውሞው ቢቻል ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይመክራል። በድንጋያማ ደጋ ላይ ይህን በአንድ ዘንግ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛና ሦስተኛ ይጨመራል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከዘንጉ ርዝመት ማነስ የለበትም። 2.4 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት ዘንጎች በአንድ ክንድ ርቀት መትከል አንዱን ሁለት ጊዜ እንደ መትከል ነው፤ የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው። ዘንግ በማይገባበት ዓለት ላይ ረጅም የመዳብ ሽቦ በቦይ መቅበር ይሻላል።

መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የተተከለ ዘንግ ሌላ ጠባይ አለው። አፈሩ በክረምት ይነፋና ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይለያል። በመስከረም የተለካ ግራውንድ መልካም ሆኖ ይታይና በመጋቢት ሲለካ ብዙ እጥፍ ተበላሽቶ ይገኛል። የበልጉም ሆነ የክረምቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ የሚመጣው ደግሞ አፈሩ በደረቀበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ልኬቱ ዝናብ ከመጣሉ በፊት፣ በደረቁ ወራት ይካሄድ።

በጉድጓድ ውስጥ ጨውና ከሰል መጨመር በአገራችን የተለመደ ነው። ጨው ለጊዜው ተቃውሞውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስከዚያውም ብረቱን ይበላዋል። ጨው ያለበት ጉድጓድ በየዓመቱ ካልተለካና ካልታደሰ በውስጡ ዘንግ ይኑር አይኑር ሳናውቅ እንቀመጣለን። ቤንቶናይት የተባለው እርጥበት ያዥ ሸክላ ብረቱን ሳይጎዳ ስለሚሠራ የተሻለ ምርጫ ነው።

ሰውን ስለ መጠበቅ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለዕቃ ብቻ አይደለም። መብረቅ ወደ መሬት ሲገባ በመሬቱ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ እንኳ የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራል። በዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በፊት እግራቸውና በኋላ እግራቸው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ሲሆን ልባቸውም በመንገዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ በተባለ ደጋ ላይ 323 አጋዘኖች በአንድ ነጎድጓድ ሞተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ነጎድጓድ ሲቀርብ ከዛፍ ሥር፣ ከምሰሶ፣ ከሽቦ አጥርና ወደ መሬት ከሚወርድ መዳብ እንራቅ። ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ብንቆጥር እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ ወደ ቤት መግባት ይገባል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመውጣት ይመከራል። በዚህ ጊዜ በሽቦ የተያያዘ ማይክራፎን፣ የመስመር ስልክና በሶኬት ላይ ያለ ዕቃ አይነካ። አምፕሊፋየሩን መንቀል ካስፈለገ ነጎድጓዱ ሩቅ ሳለ ይሁን፤ ሲነቀልም ከሶኬቱ ብቻ ሳይሆን ከድምፅ ማጉያው ሽቦም ይነቀል። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ መንገዱ ክፍት ነው።

መብረቅ የመታው ሰው ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም፤ መንካት አያስፈራም። እስትንፋሱ ከተቋረጠ ሳይዘገይ ደረቱን በመጫን ልቡንና ትንፋሹን ለመመለስ መሞከር፣ ወዲያውም ወደ ሕክምና ማድረስ ነፍስ ያድናል።

ከክረምት በፊት የሚታይ ዝርዝር

ሰበካ ጉባኤያት በየዓመቱ እስከ ግንቦት መጨረሻ የሚከተሉትን አንድ ባለሙያና አንድ የአስተዳደር አባል ይዘው ቢመለከቱ ብዙ ጉዳት ይቀራል፦

• በግቢው ውስጥ ያሉ ገመዶች ሁሉ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያልቁ በአንድ ወረቀት ላይ ተስለዋል?
• በዛፍ ላይ የታሰረ ሽቦ አለ?
• እያንዳንዱ ሕንፃ ግራውንድ አለው? ግራውንዶቹስ እርስ በርሳቸው ተሳስረዋል?
• ማያያዣዎቹ ዝገዋል ወይ ላልተዋል? መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር በቀጥታ ተጣምሮ ተበልቷል?
• መዳቡ ተሰርቋል? ከመሬት በላይ ያለው ክፍል በቱቦ ተሸፍኗል?
• ሰርጅ መከላከያዎቹ መሥራታቸውን የሚያሳየው ምልክት ተለውጧል?
• ተቃውሞው በስንት ቀን፣ ስንት ኦም ተለካ? ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸርስ?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በመዝገብ ይጻፍ። ባለሙያ ይለወጣል፣ የኮሚቴ አባልም ይለወጣል፤ መዝገቡ ግን ለሚተካው ይቆያል።

በመጀመሪያ ያነሣነው ደብር ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተናግረን እናብቃ። የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ከዛፎቹ ላይ አወረዱት። በጽሕፈት ቤቱና በክሊኒኩ መካከል የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች በሁለት ቅዳሜ ቦዩን ቆፈሩ፤ መዳቡ ተቀበረ፤ የኢንተርኔቱ ገመድ በፋይበር ተተካ፤ በየመግቢያው መከላከያ ተተከለ። ሁለቱ የቀድሞ ጉድጓዶች አልተደፈኑም፤ ያስቆፈሯቸውም ሰዎች ገንዘባቸው በከንቱ አልወጣም። የተጨመረው ትስስር ነው። ከአዲሱ ማቀዝቀዣ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ክሊኒኩ አንዲት ሠንጠረዥ ሰቅሏል፤ በላይዋ ላይ ቀን፣ የተለካው ኦምና የለኪው ፊርማ ይጻፍባታል። ለጊዜው የተሞላው አንድ መስመር ብቻ ነው።